የቤት ቁጥር 412

ቆቦ ገበያ ዳር ቆርቆሮ የሚሠራው ሐድጉ የጎበጠ ሚስማርና በግምት የተቆረጠ ቆርቆሮ ካየ ምሳው አይወርድለትም። የቀበሌውን የቤት ቁጥሮች ከ1 እስከ 411 ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ በየበሩ የመታው እሱ ነው። በሰባ አራት ዓ.ም. ግን ቁጥር የምትፈልግ፣ ቤት የሌላት ልጅ መጣችበት።

የሻረግ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አስጠግታት የነበረችው አክስቷ ዋጃ ካገባች ወዲህ፣ ከሐድጉ ሱቅ ጎን ጎማውም ሞተሩም ወልቆ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ታድራለች። ራቷን የሐድጉ ሚስት ለተ ብርሃን ትሰጣታለች፤ ማደሪያ እንዳትሰጣት ስድስት ልጆቿ በሁለት መደብ ነው የሚተኙት።

«አያ ሐድጉ፣ የቤት ቁጥር ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ እስከ ዓርብ ካላመጣሽ ሚኒስትሪ አትፈተኚም አሉኝ።»

«የእኔን ቁጥር እንዳልሰጥሽ ሊቀመንበሩ ልጆቼን በስም ቆጥሯቸዋል» አለና ሜትሩን ይዞ ቀበሌ ሄደ።

«አውቶቡስ ቤት አይደለም» አለ ሊቀመንበሩ ጓድ ደሳለኝ።

«በር አለው፤ ያውም ሁለት። ጣሪያው ከዚህ ቢሮ ይሻላል፣ አያፈስም። መስኮቱ አሥራ ስድስት ነው፤ ለክቼ ነው የመጣሁት።»

«ቤት ቦታውን ለቆ አይሄድም!»

«ይሄስ መቼ ሄደ? ሁለት ዓመቱ እኮ ነው!»

ጓድ ደሳለኝ ጭንቅላቱን አከከ። «እሺ። ግን ሽንት ቤት የሌለው ቤት ቁጥር አይሰጠውም፤ መመሪያ ነው። ዓርብ ጠዋት መጥቼ አይቼ እፈርማለሁ።»

ሐድጉ ከአውቶቡሱ ኋላ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ዙሪያውን በቆርቆሮ ከበበ፣ መዝጊያ ገጠመ። 412ን ቆረጠና ከፊተኛው በር ጎን በብሎን አሰረው። ውኃ ልኩን ሁለቴ አየ።

ዓርብ ጠዋት የአውቶቡሱ ባለቤት በድረዲን ከደሴ የጭነት መኪና፣ አራት አሮጌ ጎማና ሰንሰለት ይዞ ከተፍ አለ። የሻረግ ደብተሯን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ቤቱ ከሄደ ደብዳቤው ሄደ፤ ደብዳቤው ከሄደ ፈተናው ቀረ።

ጓድ ደሳለኝ ደረሰ። ሰንሰለቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «412 ቤት፣ ሁሉም ባለ ሽንት ቤት» ብሎ ለአውራጃው ሪፖርት የላከው ትናንት ነበር።

«አንተ! የቀበሌውን ቤት ወዴት ነው የምትጎትተው?»

«ወላሂ ጓድ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው!»

«መኪና?» ሊቀመንበሩ ጎትቶ ወደ ኋላ ወሰደው። «ሽንት ቤት ያለው መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

በድረዲን መዝጊያውን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ መልሶ ዘጋ። ከተወለደ አላየም።

«ሐምሌ ላይ ተመለስ» አለው ሐድጉ። «ፈተናው ያልፋል፤ እኔም እስከዚያ ከሱቄ ኋላ አንድ ክፍል መትቼ ቁጥሩን ወደዚያ አዛውረዋለሁ።»

በድረዲን ልጅቷን አያት። «ለትምህርት ነው እንዴ? በይ ተፈተኚ፤ አላህ ያግዝሽ። መሪዬን ግን ይዤ ነው የምሄደው፤ እናንተን ማን ያምናል!»

መሪውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሄደ። ጓድ ደሳለኝ ደብዳቤውን በአውቶቡሱ ጎን ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ የሻረግም ይዛው በረረች።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ማኅተሙን አገላብጦ አየና፣ «412 የትኛው ቤት ነው?» አላት።

«ፊቱን ወደ ደሴ ያዞረው» አለችው።

ጸሐፊው እንዳለችው ጻፈና መዘገባት።