የአጎቴ ዳጉ

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሆነ። ሥልጣን ላይ ሳሉ ከደጃቸው የማይጠፉት ዘመዶቻችን ለቅሶው ላይ፣ "ደግ ነበሩ፤ ስንፍናቸው ግን ሥራቸውን አሳጣቸው" ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀን አልመለስኩላቸውም። አሁን ልመልስ።

አጎቴ ከደጋ ተሹመው አዋሽ የመጡ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ እኔም ያደግኩት እሳቸው ቤት ነው። አፋሮች ሲገናኙ ተቀምጠው የሚለዋወጡትን ዜና፣ ዳጉን፣ እንደ እነሱ ሳይቸኩሉ ይሰሙ ነበር። በሰላሙ ጊዜ የግጦሽ ጠብ እንኳ የሚዳኙት ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደወለደ ሰምተው ሲጨርሱ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ አንድ ሻምበል የአካባቢውን ግመሎች ለጭነት ሊወስድ መጣ። ግመሎቹ ከተወሰዱ ልጆቹ የሚጠጡት ወተት የለም። አጎቴ ሽማግሌዎቹን ዛፍ ሥር ሰብስበው ዳጉ ጀመሩ።

"ክቡር አስተዳዳሪ፣ ግመሎቹስ?"

"ተቀመጥ እንጂ ሻምበል! ዜናው መች አለቀና?"

ዜናው ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ግመሎቹም ወንዙን ተሻግረው ነበር። አጎቴ በሳምንቱ "ሥራ የማይሆንለት ሰነፍ" ተብለው ተባረሩ።

"ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው አይደል?" አልኳቸው።

"ዝም በይ! ሽማግሌዎቹን ልታስይዢ ነው?"

"የሰነፉ ዘመድ" እየተባልኩ ስኖር በእሳቸውም አኩርፌ ነበር፤ አደጋው ካለፈ በኋላ እንኳ እውነቱን ለሰው አልተናገሩልኝም። ዛሬ ሰመራ ቢሮ ስገባ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል "ጉዳይዎን ባጭሩ" ትለኛለች፤ ያኔ አጎቴ ይናፍቁኛል።

ቢኖሩ ይህን በመጻፌ ይቆጡኝ ነበር። ምነው በተቆጡኝ።