የለቅሶው ሥጋ

በነጭ ጋዝ የሚቃጠል ሥጋ ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም። ከኬላችን ጀርባ ጉድጓድ ነበር፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያልፍ የተያዘ ሥጋ ሁሉ እዚያ ይነድዳል። ቀዩ መስመር ከምንለው አጥር ወዲያ የከብት በሽታ አለ ተብሎ፣ ጥሬ ሥጋ አያልፍም። እኔ መንገዱን የሚዘጋውን ብረት አነሣለሁ፣ እዘጋለሁ፤ መኪና የምትፈትሸው ሂልያ ነበረች።

ሂልያ አትቸኩልም። ራሳቸው እየነዱ አገር የሚዞሩ ፈረንጆች፣ ጣራው ላይ ድንኳን በተጫነ መኪና አቧራ ለብሰው ከአራዊቱ ፓርክ ሲመጡ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች።

"ስንት ዝሆን አያችሁ?"

ሥጋ ያልያዘ ሰው ቆም ብሎ ያስባል፤ ባልና ሚስት ከሆኑማ ይከራከራሉ። የያዘ ግን ቁጥሩን ዝም ብሎ ይወረውረዋል። "ሃምሳ!" ሲሏት፣ "እንግዲያው ማቀዝቀዣውን ክፈቱልኝ" ትላለች። አንዳንዶቹንም ወደ ኋላ መልሳ፣ ዛፍ ሥር ጠብሰው በልተው እንዲመጡ ትመክራቸዋለች። እየሳቁ ይሄዳሉ።

አባቷ የሞቱ ጊዜ ተተኪ ጠፍቶ ከቀብሩ ቀረች። በሳምንቱ ታናሽ ወንድሟ ኤላጎ ከለቅሶው ቤት፣ ከሰሜን መጣ። ከአጥሩ በስተደቡብ ባለችው ዋና ከተማ፣ ዊንድሆክ፣ መኪና አከራይ ቤት ይሠራል፤ እንግዶች ተበላሽቶባቸው ትተውት የሄዱትን መኪና አሠርቶ እየመለሰ ነበር።

"ስንት ዝሆን አየህ፣ ኤላጎ?" አልኩት፣ ሐዘኑን ላስረሳው ብዬ።

"አርባ" አለ ወዲያው።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ሂልያ ቀና ብላ አየችው። ሦስታችንም ወደ ቢሮ ገባን፤ በእናታቸው ነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለውን ሥጋ ከመኪናው አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ለአባባ ለቅሶ ከታረደው በሬ ነው። አክስታችን ዊንድሆክ ከአልጋ አትነሣም። 'ከወንድሜ በሬ አንዲት ጉርሻ ሳልቀምስ እንዳልሞት' ብላኛለች።"

"እዚሁ ጠብሰን እንብላው፣ ወንድሜ።"

"እሷስ? ሽታውን በፖስታ ልላክላት?"

"ባለፈው ሳምንት ከአንዲት አሮጊት እጅ የባላቸውን ለቅሶ ሥጋ ወስጄ አቃጥያለሁ። መሬት ላይ ተቀምጠው ነው ያለቀሱት። ያንተን ካሳለፍኩ እሳቸውን ምን ልላቸው ነው?"

"እሳቸው ባዳ ናቸው!"

"ለኔና ላንተ።"

"አሳልፊው እባክሽ፤ እኔ አላየሁም" አልኳት በሹክሹክታ። መሳቢያውን ስባ የሚቃጠል ሥጋ የሚመዘገብበትን ቅጽ አወጣች።

"የማን ሥጋ ነው?" አለች። ቅጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

"የአባትሽ ነው ብለሽ ጻፊያ!"

ጻፈች።

በእኛ አገር ሰው ከተጣላው ሰው ቤት እንኳ "ደኅና ዋሉ" ሳይል አይወጣም። ኤላጎ ጨርቁን ከሥጋው ላይ ቀስ ብሎ ገፈፈ፤ አራት አድርጎ አጠፈው፤ ብብቱ ሥር ያዘና በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ።