ዝማሬ በሰኔ ጾም ሥጋ ያቀረበች ዕለት

ዝማሬን ያደነቅኋት ከተሳሳተች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታናድደኝ ነበር።

መካኒሳ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለቻት። የመታወቂያ ኮፒ ታነሣለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የተማሪ አሳይንመንት ትጠርዛለች። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም፤ የያዘችውን ነገር ግን አታስለቅቋትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዝማሬ ሞኝ አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ጋር ስለምትውል ተጋብቶባት ይሆናል።

አባቷ ነገሪ ጓደኛዬ ነው። በወጣትነቱ ከወለጋ የመጣ አናጢ ነው፤ እኔ የጭነት መኪና ስነዳ እሱ የቤቴን በርና መስኮት ሠርቶልኛል። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እድራችን ግን አንድ ነው። የሰፈር እድር ስለሆነ ሁሉም አለበት፤ ጥቂት ሙስሊሞችም አሉ። ሰው ሲሞት ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይወጣል። ሟቹ የት ይጸልይ እንደነበር የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ደምሰው የዚህ እድር ሰብሳቢ ነኝ። ሰብሳቢ ማለት ሁሉም የሚቆጣው ሰው ማለት ነው።

ዓምና የነገሪ ሚስት፣ የዝማሬ እናት፣ አረፈች። ሰፈሩ እንዳለ ለቅሶ መጣ። ከቀብር ስንመለስ የቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች ኪቦርድ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ገቡና መዝሙር ጀመሩ። በእነሱ ወግ ሐዘንተኛ የሚጽናናው በመዝሙር ነው። ከእኛ ወገን ግን «ሰርግ ነው እንዴ?» ያሉ ነበሩ። አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተከተለው፣ ከዚያ አንድ አግዳሚ ሙሉ ሰው ጋቢውን እያጣፋ ወጣ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። «እግሩን ስላመመው ነው» የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ዝማሬ ከእናቷ ፎቶ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ የድንኳኑን በር ታይ ነበር። ያን ዕለት የነበረው ዓይኗ እስካሁን ፊቴ ድቅን ይላል።

ነገሪ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ።

«ደምሰው፣ ሚስቴን ጥለው የወጡ ሰዎች እኔን እንዲቀብሩኝ አልፈልግም» አለኝ። የእምነት ወንድሞቹን ይዞም ሐምሌ ላይ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ እድሩ ለሁለት እንዲከፈል ጥያቄ አቀረበ። እድር ሲከፈል ድንኳንና ድስት ብቻ አይደለም የሚከፈለው፤ ማን ማንን እንደሚቀብርም ይለያል። እኔ ነገሪን ሳልቀብር፣ ወይም ነገሪ እኔን ሳይቀብር፣ የሚሆን ነገር አልታይ አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

መለየት ቢያምራት ማንም የማይፈርድባት ዝማሬ ነበረች። የተዋረደው የእናቷ ለቅሶ ነው። እሷ ግን ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ቤቴ መጣች። አንዷ ናዝሬት ናት፣ የእኛው የሰንበት ተማሪ። ሌላዋ ነጃት ናት፣ የባለሱቁ የከድር ልጅ።

«ጋሼ ደምሰው፣ የእድሩን አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ይፍቀዱልን» አለች ዝማሬ።

«ለምኑ?»

«ፕሮጀክት አለን። እምነታቸው የተለያየ ሰዎች እንዲቀራረቡ የሚሠሩ ወጣቶችን የሚደግፍ ድርጅት አለ። አመልክተን ገንዘብ ፈቀዱልን።»

ፕሮጀክት የሚል ቃል ስሰማ የሚታየኝ ኮፍያ፣ ባነርና ፎቶ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አልኳት። «ሰዉ ሊለያይ ነው፣ እናንተ ፎቶ ልትነሡ?»

አልተቆጣችም። «ለፎቶ አይደለም፣ ጋሼ። ምን ትለውጣላችሁ ብለው ሲጠይቁን አገር እንለውጣለን አላልናቸውም። አንድ እድር እንዳይከፈል እንፈልጋለን ነው ያልናቸው።»

ቁልፉን ሰጠኋት። ኋላ ከድርጅቱ የመጣችው ሜሪ የምትባል ልጅ እንደነገረችኝ፣ ከቀረበላቸው ሐሳብ ሁሉ ትንሹ የእነዝማሬ ነበር፤ የመረጡትም ለዚያ ነው።

ሐሳባቸው ሰፈሩን ሁሉ አንድ ላይ ምሳ መጋበዝ ነበር፤ የበጀት ዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ስለሚዘጋ ግብዣው ከዚያ በፊት መደረግ ነበረበት። ልጆቹ ሲዘጋጁ ላየ ሰው ጥንቃቄያቸው ያስቅ ነበር። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ እንዳይቀላቀል ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ቢላዋ። አንዱ ድስት ከድር ቤት ተሠራ፣ ሌላው ነገሪ ቤት። ረቡዕና ዓርብን ሸሽተው ቅዳሜን መረጡ። ዝማሬ ስለ ሰኔ ጾም ሳይቀር ናዝሬትን ጠይቃታለች።

«እሱ እኮ የቄስ ጾም ነው» አለቻት ናዝሬት፣ «እኛ ቤት አይጾምም።»

ሰፈራችን ውስጥ እንዲያ ነው የሚባለው። ቤተ ክርስቲያን ጾሙ የሁሉም ነው ብላ ብታስተምርም ምእመኑ ለቄሶቹ ትቶላቸዋል። እኔም ብሆን ከጠዋት ጀምሮ የወጡ ሽታ ሆዴን ሲያላውሰው ነበር። ዋናው የክብር እንግዳ ቄስ መሆናቸው ለአንዳችንም አልታየንም!

ቅዳሜ ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የግማሹ ሰፈር የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ሙሴ ጃንጥላቸውን አጥፈው ከፊት ተቀመጡ። ምግቡ ለሁሉም ታደለ። ቄስ ሙሴ የቀረበላቸውን ሳህን አዩትና ቀስ ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ሰው ማሳፈር አይወዱም፤ ምክንያታቸውን ለመናገር እንኳ ተሳቀቁ።

ያን ሥጋ የሠሩት የዝማሬ አክስቶች ነበሩ። ሳህኑ ሳይነካ ሲቀር በጴንጤዎቹ በኩል ማንሾካሾክ ተጀመረ። ነገሪ ከወንበሩ ተነሣ።

«ዝማሬ፣ ነይ እንሂድ። በእናትሽ ለቅሶ ያደረጉትን ዛሬ በምግባችን ደገሙት። ከእጃችን መብላት ተጸየፉ።»

ናዝሬት ይኼኔ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! አባ እኮ ጾም ላይ ናቸው!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ብሆን ኖሮ ናዝሬት ላይ እጮህ ነበር፤ ያሳሳተችው እሷ ናት። ዝማሬ ግን ወደ ናዝሬት ዞር ብላ እንኳ አላየችም። አዳራሹ መሐል ቆመች።

«አባዬ፣ ቆይ። አባታችን አልተጸየፉም፣ እየጾሙ ነው። በጾማቸው ሥጋ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁሉንም ሰው ጠይቄ እሳቸውን ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ ወደ ቄስ ሙሴ ዞረች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባ። ምን ይበላሉ?»

አንጀቴን በላችኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህቺን ጥያቄ ከመጠየቅ መገመት ይቀለን ነበር።

«ዳቦ ካለ ይበቃኛል፣ ልጄ» አሉ ቄስ ሙሴ። «ቅዳሜ ስለሆነ ሰዓት አልጠብቅም።»

ዝማሬ ነጃትን ይዛ በዝናቡ ወጣች። ከድር ይኼኔ ሳህኑን አስቀመጠ። «በረመዳን እናንተ ፊቴ ውኃ አትጠጡም» አለ። «እኔም አባ ፊት ሥጋ አልበላም።» ከእሱ በኋላ ማን ይጉረስ? ሁሉም ሳህኑን አስቀመጠ። እኔም አስቀመጥሁ፤ ያ ወጥ እስካሁን ያሳዝነኛል። ነገሪ ግን አልተቀመጠም፣ አልሄደምም። በሩ ጋ ቆሞ ልጁን ይጠብቃል።

ልጆቹ ከላይ እስከ ታች ርሰው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። ዳቦው ከቢላዋው ጋር ቄስ ሙሴ ፊት ቀረበ። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ባርከው እስኪቆርሱ ጠበቅን፤ የቄስ ቡራኬ የማይቀበሉት የጴንጤዎቹ ፊት ግን ሲጠቁር አየሁ። ሌላ ጣጣ መጣ አልኩ በልቤ። ቄስ ሙሴ ግን ቢላዋውን አንሥተው እጀታውን ወደ በሩ አዞሩት።

«ዳቦ የሚቆርሰው ታላቅ ነው» አሉ። «ነገሪ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ና ነገሪ፣ እንደ ወግህ ጸልይና ቁረስልን።»

ነገሪ መጀመሪያ ያየው ልጁን ነው። ከዚያ መጣ። ቢላዋውን ስንት ሣንቃ ባቀናው እጁ ተቀበለ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ እነሱ ልማድ ጮክ ብሎ ጸለየ። የሚስቱን ስም ጠራ። ወገኖቹ «ሃሌ ሉያ» አሉለት፣ ጸሎቱም ረዘመ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዓምና ከድንኳኑ ከወጡት አንዱ ነው። ተነሥቶ ይወጣ ይሆን ብዬ በጎን አየሁት፤ አቀርቅሮ ጋቢውን ጨብጦ ተቀምጧል። ዝማሬ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እንደ እናቷ ለቅሶ ዕለት በሩን ታይ ነበር።

ዳቦው ተቆረሰ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ቄስ ሙሴ በሉ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ያዘጋጁትን የውይይት ጥያቄ ያስታወሰ የለም፤ ወሬው በራሱ ሄደ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ነገሪን፣ «ለመሆኑ ለቅሶ ላይ ለምንድን ነው የምትዘምሩት?» አለው።

«ደስ ብሎን አይደለም» አለ ነገሪ። «ከምንጮህ ብለን ነው።»

«አላወቅሁም ነበር» አለ ሰውዬው። ይቅርታ አላለም። እኔ ግን በቃኝ።

ሐምሌ ላይ ጉባኤው ሲሰበሰብ ነገሪ ራሱ የመከፈሉን ጥያቄ ተወው፣ እድሩም እንዳለ ቀረ። አሁን ለቅሶ ሲኖር ዝማሬና ጓደኞቿ ቀድመው ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፤ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚዘመር፣ ምን እንደማይደረግ ይጠይቁና ለሰፈሩ ይነግራሉ። ለዚህ ሥራ ማንም ገንዘብ አይሰጣቸውም፤ ሰጪ ቢገኝ ግን የምፈርምላቸው እኔ ነኝ፣ ኮፍያም ቢያለብሱኝ እለብሳለሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ለነገሪ የሰጠ አምላክ ለእኔም ጎረቤት አድርጎ ሰጥቶኛል።

ያን ቅዳሜ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሜሪ አዳራሹ ውስጥ ቀርታ ነበር። ለድርጅቱ የምታቀርበው ሪፖርት አለባት። ግብዣው እንደታሰበው አልሄደ፣ ውይይቱ በወረቀቱ አልተመራ፣ ሥጋውም በየድስቱ ተቀምጧል።

«ዝማሬ፣ ውጤቱን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለቻት።

ዝማሬ ሳህን እየሰበሰበች ነበር። ቀና ብላ በሩን አየችው።

«አባቴ ሲጸልይ ማንም አልወጣም ብለሽ ጻፊ» አለቻት።