መኪና የማይገባበት ኮረኮንች

አባዬ ሪከንባከር በሚባለው የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ስለሚሠራ ቀን ቀን ይተኛል። እኔ ደግሞ ወረርሽኙ ትምህርት ቤት ካዘጋብን ጀምሮ ቀን ቀን ቤት ነበርኩ። አሜሪካ፣ ፒከሪንግተን ከተማ ያለው አፓርታማችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ወለሉም ሲረግጡት ይጮኻል። ዙም ላይ ስጠየቅ በሹክሹክታ እመልሳለሁ። አስተማሪዎቹ "ድምፅሽ አይሰማም" ይሉኛል፤ ጮክ ካልኩ አባዬ ይነቃል። ሁለቱንም ማስደሰት አልቻልኩም። ከሁሉ የባሰው ግን እግሬ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ተነሥቼ ልንጎራደድ ስል ወለሉ ይጮኻል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ እግሬ እንደገና ይጀምራል።

እማዬ አረጋውያንን እየዞረች ስለምትንከባከብ ሰው ቤት እንዳንሄድ አጥብቃ ከልክላናለች። ስለዚህ ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ትቶት የሄደውን ብስክሌት ወሰድኩና አባዬን ፈቃድ ጠየቅኩት።

"የዚህን አገር ሹፌር አታውቂውም" አለኝ። "ስልኩን እያየ ነው የሚነዳው። መኪና የሌለበት መንገድ ካገኘሽ ሂጂ።"

መከልከሉ ነበር። አሜሪካ ውስጥ መኪና የሌለበት መንገድ! እማዬ እንኳ ሳቀች። እኔ ግን የተባልኩትን ሁሉ ከልቤ የምወስድ ልጅ ነኝ፤ ፈልጌ አገኘሁት። ከከተማው ወደ ምሥራቅ፣ ሐዲዱ የተነቀለ የድሮ ባቡር መሥመር ጠጠር ፈሶበት ለእግረኛና ለብስክሌት ተትቷል። በግራም በቀኝም የበቆሎ ማሳ ነው። መግቢያው ላይ መኪና እንዳያልፍ የብረት ምሰሶ ተተክሏል። አባዬን ወስጄ አሳየሁት። ምሰሶውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ ንቅንቅ አላለም።

"እኛ ከኮረኮንች ለማምለጥ ስንት መከራ አየን" አለ። "አንቺ አሜሪካ ድረስ መጥተሽ ኮረኮንች ፍለጋ!"

ቃሉን ግን አላጠፈም። የፊት ጎማውን ራሱ ቀየረልኝ።

ኮረኮንች ላይ ሲነዱ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። መሪውን በጣም ከጨበጡት ጎማው ይንሸራተታል፤ ለቀቅ ካደረጉት ደግሞ ወደ ቦዩ ይወስዳል። ከክንድ እስከ ጥርስ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል። መንገዱ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ ይሁን አላውቅም፣ እግሬ የሚያርፈው እዚያ ብቻ ነበር። ቤት ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ይጀምረኛል።

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የአየርላንድ ተወላጅ የሆኑ አስተማሪ ገጠሙኝ፤ የአገራቸውን ደጋማ ገጠር የሚያስተምሩ። የመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳዩን። ጉም የተኛበት ኮረብታ፣ ጥቁር አረንጓዴ የጥድ ደን፣ በደኑ መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣ ነጭ የጠጠር መንገድ። እንጨት ለማጓጓዝ የተሠሩ መንገዶች እንደነበሩ፣ አሁን መኪና ተከልክሎባቸው ለብስክሌት እንደተከፈቱ፣ ወጣቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ መንደሮች በእነዚያ መንገዶች ሰው ይመጣልናል ብለው ተስፋ እንደሚያደርጉ ነገሩን። እኔ ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙም አልሰማሁም። መኪና የሌለበት፣ ኮረኮንች፣ ያውም ማለቂያ የሌለው! እ.ኤ.አ. በ2022 ግንቦት የተወሰኑ ተማሪዎችን ወደዚያ ይዘው ሊሄዱ ነበር። ከቦታው ፈላጊው ይበዛል። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር አልነበረም። የበረዶውን ወራት ሙሉ የንባብ የቤት ሥራዎቼን ሁሉ ቀድሜ አስረከብኩ፤ ያልተጠየቅኩትንም ጭምር።

መምረጫው የቅዳሜ የብስክሌት ጉዞ ሆነ፤ ያውም በእኔ ኮረኮንች ላይ። ዕድለኛ ነኝ አልኩ። አስተማሪያችን ከመነሣታችን በፊት አንድ ሕግ ብቻ ሰጡን። "እዚያ ተራራ ላይ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ አንድም ሰው ከቡድኑ አይለይ። የማየው ፍጥነት አይደለም፣ ይኼንን ነው።"

በሚገባ ሄድን። ከፊት ሦስተኛ ነበርኩ። ከእንጨቱ ድልድይ አለፍ እንዳልን ግን ሁለት ሰዎች ከሩቅ ታዩኝ፤ አንደኛው ምርኩዝ ይዘዋል። ገና ፊታቸው ሳይለይ በአረማመዳቸው አወቅኋቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ። በዚያ መንገድ እንዲሄዱ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ጋሼ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሐኪሙ ከአስፋልት የለሰለሰ መሬት ላይ ይራመዱ እንዳላቸው ሲነግሩኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ካርታውን ስልካቸው ላይ ጭኜላቸው ነበር።

አባዬ ያሳደገኝ ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ ተቀምጦ ሰላምታ የለም እያለ ነው። ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ሽማግሌ ሲያይ ሞተር አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው፤ ከኋላው መኪና ቢያንባርቅበትም። እኔስ ብስክሌት ላይ ሆኜ እጄን አውለብልቤ ልለፍ? ብሬኩን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ "ደህና ነሽ?" አለችኝ። "አንድ ደቂቃ" አልኳት። ሁሉም አለፉኝ።

"ይቺ ማን ናት?" አሉ ጋሼ። "በስመ አብ፣ የራስ ቁር ደፍታ የት ልትዘምት ነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።" ሄልሜቱን አወለቅኩና አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

"ውይ የኔ ልጅ!" እትዬ ጉንጬን ያዙት። "ኮሌጅ ገባች ሲሉን ይኼ ነው? እናትሽ ደህና ናት? አባትሽ? ሺፍቱን ቀየሩለት? የእናትሽ ወንድምስ አዲስ አበባ ያለው፣ ወገቡን የታመመው?"

አንድ በአንድ መለስኩ። ሁሉም ደህና ናቸው፤ ጌታ ይመስገን። የቡድኑ የመጨረሻ ሰው ቢጫ ሸሚዙ ከበቆሎው ማሳ ጥግ ሲታጠፍ አየሁ። እግሬ ጠጠሩ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው መላጥ ያዙ።

"እትዬ፣ ትንሽ ቸኩዬ ነው። የአየርላንድ ጉዞ አለ፣ ዛሬ ነው የሚመርጡን።"

ይኼንን ማለት አልነበረብኝም። ጋሼ ምርኩዛቸውን ለእትዬ ሰጡ።

"እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ሳይጸለይልሽ ልትሄጂ ነበር?"

እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለጉዞው ጸለዩ። ለመራጮቹ ልብ፣ ለአውሮፕላኑ፣ ለፓይለቱ፣ ለጎማዬ ጸለዩ። በዚያ አገር ለሚጠብቀኝ እንግዳ ተቀባይ ሁሉ ጸለዩ። "ቦታዋን ማንም አይውሰድባት!" ሲሉ እትዬ "አሜን!" አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ዓይኔ ግን ተከፍቶ የቡድኑን አቧራ ይፈልግ ነበር። አቧራው ጨርሶ ተበትኗል። ቦታዬ እንዲጠበቅ በተጸለየ ቁጥር ቦታዬ እየራቀ ነበር፤ ያንን እያወቅኩ "ይበቃል ጋሼ" የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

ብርቱካኑን ግማሹን ጎርሼ በረርኩ። ሁለት ጊዜ ቦይ ልገባ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሁሉም ብስክሌታቸውን አጋድመው ሳሩ ላይ ተቀምጠዋል። አስተማሪያችን ብቻ ቆመው መንገዱን ይጠብቁ ነበር። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምርኩዙን፣ ብርቱካኑን፣ ፓይለቱን። ሳቁ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም።

"መቆምሽ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ግን ለምን 'ቁሙ' ብለሽ አልጮኽሽም? እንጠብቅሽ ነበር እኮ።"

ሰው ማስቆም እንደሚቻል አላሰብኩም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ቢሯቸው ጠርተው ተጠባባቂ እንደሆንኩ ነገሩኝ። አንድ ሰው ቢቀር እገባለሁ። በእነዚያ ሳምንታት ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። አንዳንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሚያስል ተማሪ ስሰማ ልቤ ተስፋ ሲያደርግ አገኘውና አፍራለሁ። ማንም አልቀረም። ሄዱ።

ጋሼ ኮል አደረጉልኝ። "እህ፣ ጌታ ምን አደረገልሽ?"

"ገና ነው ጋሼ" አልኩ። አውሮፕላኑ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ቅዳሜ ኮረኮንቹ ላይ አገኘኋቸው። እትዬ በሥራ ቀርተው ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ። ወረድኩ። ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

"ቀርተሻል አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ያን ቀን ስላቆምንሽ ነው?"

እንደ ወትሮዬ 'ኧረ በፍጹም' ልል አፌን ከፈትኩ። እግሬ ይንቀጠቀጣል። "አዎ" አልኩ። "እሱም አለበት። ጸሎቱ ረዘመብኝ።"

ጋሼ ምርኩዛቸውን ጠጠሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አዞሩት። በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ በልቤ።

"ታዲያ አትናገሪም ነበር?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ልጸልይ ስል አንቺን መገተር ምን አመጣው? እግዚአብሔር እየነዳ ላለ ሰው የሚጸለየውን የማይሰማ መሰለሽ?" ቀጥለውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። "አሳዘንሽኝ። በጣም ፈልገሽው ነበር፣ አይደል?"

"በጣም።"

"በሚመጣው ዓመትስ?"

"ይኖራል ብለዋል።"

"እንግዲያው ብስክሌትሽ ላይ ውጪ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው..."

"ውጪበት አልኩሽ! እኔ እዚሁ ሆኜ እጸልያለሁ፤ አንቺ ሂጂ።"

ወጣሁበት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ለሚያናግረኝ ሽማግሌ ጀርባዬን ሰጠሁ። ከኋላዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፤ ስለ ተራራው፣ ስለ ጉሙ፣ ስለሚመጣው ዓመት። ፔዳሉን ረገጥኩት። ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር እየጮኸ ቃላቸውን አንድ በአንድ ዋጠው፤ አሜን ያሉበትን አልሰማሁትም።