ከክትባት ክፍሉ ጀርባ ያለው የመርዝ መደብ

ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ ዕቃ የውሃ ማጠጫ ነበር። ጋዋኔን ተኩሼ፣ አዲሱን የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ፣ ከመቱ በሚኒባስ ሁሩሙ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግር ነው። ኃላፊው ጋሼ ፈይሳ ጤና መኮንን ነበሩ። ወረቀቴን በቅጡ እንኳ ሳያዩ ከክትባት ክፍሉ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ በሽቦ የታጠረ፣ በሩ የሚቆለፍ አንድ መደብ አለ።

«ይሄ ሁሉ መርዝ ነው» አሉኝ። «አትቅመሺ፣ ነክተሽው ዓይንሽን አትሺ፣ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ግን እንዳይደርቅብኝ።»

ቆሽቴ አረረ። መርፌ መውጋት ተምሬ መጥቼ መርዝ ላልማ?

እሳቸው ግን ተክሎቹን እንደ ዘመድ እያንዳንዳቸውን አስተዋወቁኝ። እንዶድ ጋቢ ያነጣል፤ ለኮሶ ብሎ አብዝቶ የጠጣውን ሰው ግን አይምርም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ሶር ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የጉሎ ዘይት ቆዳ ያለሰልሳል፣ ፍሬው ሲታኘክ ግን ይገድላል። መጨረሻ ላይ ጥሩንባ የመሰለ ነጭ አበባ ያለው አስተናግር። ሌባ በጠላ ቀላቅሎ የቤቱን ጌታ ያስቀባጥርበታል ይባላል። አብሾ ተብሎ ትምህርት እንዲገባው ለተማሪ የሚሰጠውም እሱ ነው። አብሾ የጠጣ ሰው አረቄ ከቀመሰ ያብዳል ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

«ታዲያ ነቅለው አይጥሉትም?» አልኳቸው።

«በሽተኛ ይዘው ይመጣሉ» አሉኝ። «ምን አጠጣችሁት ስትያቸው አፋቸውን ይዘጋሉ። ለክፋት አይደለም። ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል ይላሉ። የሚያውቀውም ሰው ስሙን ላይጠራ ምሎ ነው የተማረው። ማሳየትን ግን የከለከለ የለም።»

ሰማኋቸው፣ አላመንኳቸውም። ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን መደቡን «የጋሼ ፈይሳ የሰይጣን ጓሮ» እያልን እንስቅ ነበር። ውሃውን ግን ሳላጠጣ የቀረሁበት ጊዜ አልነበረም።

ሳቁን ያቆምኩት ጫልቱ የመጣች ቀን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ አገር አቀፍ ፈተናው ደርሷል። ጋሼ ፈይሳ ለስብሰባ መቱ ሄደዋል። ልጅቷን በቃሬዛ አስገቧት። ፊቷ ቀልቷል፣ ሰውነቷ ይፋጃል፣ ጠብታ ላብ ግን የለባትም። የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል። ከአየር ላይ የማይታይ ክር ትለቅማለች፣ አጠገቧ ከሌለ አስተማሪ ጋር ስለ ጂኦግራፊ ትከራከራለች።

እናቷ «ኢንተላ ኮ! ልጄን!» እያሉ ያለቅሳሉ። አባቷ አቶ ዲንቃ «ይሄ የሐኪም አይደለም፣ ጋኔን ነው። ለጸሎት እወስዳታለሁ» ብለው ሊያነሷት ይታገላሉ።

የደም ምርመራው ወባ የለም አለ። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ የጠጣችው ነገርም ሊሆን ይችላል። ለሚያስቸግር በሽተኛ የምንወጋውን መርፌ ቀድቼ ይዣለሁ። አስተናግር ጠጥታ ከሆነ ግን ያ መርፌ ያባብስባታል። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«ምን ጠጣች?» አልኩ። ሁሉም ዝም። በሩ ላይ የእናቷ ወንድም ጋሼ ላቀው ቆመዋል፤ ጎሬ ቤተ ክህነት ተምረው ያደጉ፣ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ናቸው። ከበሽተኛዋ ይልቅ እሳቸውን አየሁ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ጋሼ ላቀው፣ ስም አልጠይቅዎትም። አንዴ ጓሮ ይምጡልኝ።»

በሩን ከፈትኩላቸው። መደቡን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው።

«ምያለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

«እርስዎ ምለዋል። ከዘራዎ ግን አልማለም።»

ከውስጥ የአቶ ዲንቃ ድምፅ ይሰማል፣ ልጅቷን ሊያወጧት ነው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዘራው ተነሣ፣ ተንከራተተ፣ ነጩ አበባ ላይ አረፈ።

ሮጥኩ። የቀዳሁትን መርፌ አስቀምጬ የማያባብስባትን ማረጋጊያ፣ ዲያዜፓም፣ ሰጠኋት። በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝናት፤ ሽንቷ ተይዞ ስለነበር የሽንት ማውጫ ቱቦ አስገባሁላት። አምቡላንስም ጠራሁ። ለአባቷ «ጋኔን አይደለም፣ ተክል ነው፤ ከሰውነቷ ይወጣል» አልኳቸው።

«ማን ሰጣት?»

ጋሼ ላቀው ሌላ ሰው እስኪናገር አልጠበቁም። «እኔ ነኝ፣ ዲንቃ። እንድታልፍ ብዬ ነው።»

አቶ ዲንቃ አምቡላንሱ እስኪመጣ ትክ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ በአምቡላንሱ ውስጥ ቦታ ለቀቁላቸው። ወደ መቱ አብረው ሄዱ።

ጫልቱ አእምሮዋ ሲመለስ የጠየቀችው ፈተናው አልፎ እንደሆነ ነበር። አላለፈም። ተፈተነች፣ አለፈችም፤ ያለ አብሾ። አጎቷ ራሳቸው ናቸው ይህን እየሳቁ የነገሩኝ።

የነገሩኝ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥተው ነው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ሥሩ አፈር የያዘ ተክል ይዘው ነበር። መደቡ ጥግ ላይ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ቆፍረው ተከሉት። እኔ አላውቀውም፣ ጋሼ ፈይሳም አላወቁትም።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

ጋሼ ላቀው ቀና ብለው አዩኝ። አፈር የነካ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ጨበጡት። ልብ የሚያቆም ነው ማለታቸው ነበር። ከዚያ ወደ ውሃ ማጠጫው ጠቆሙኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ መደቡን የምታጠጣው ሌላ ነርስ ናት። የዚያን ተክል ስም ዛሬም አላውቅም፣ ምን እንደሚያደርግ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በሽተኛ ለማዳን የሚያስፈልገንም ይሄን ማወቅ ነው።