ይማምን ሰላም በሉልን

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም፤ ጢሜ ግን ያኔ ጥቁር ነበር። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ይኼ ስልክ ነው። ሰሞኑን በነጋ በጠባ «መልእክቶችህን በየቀለሙ ላደራጅልህ?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። አይሆንም እለዋለሁ፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። እሱ ምን ያውቃል፤ እኔ ካርቱም ላይ አይቼዋለሁ።

አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። በየቪላው የተቀጠሩ የወሎ ልጆች የአሠሪዎቻቸውን ጀለቢያ ተሸክመው ስለሚመጡ ደጃፌ ሰው አያጣም። ስልክ ኪስ ይበላ ስለነበር ከአገር ቤት የሚላክላቸው ወሬ ሁሉ የሚመጣው በኔ ኢሜይል ነበር። አንድ ሰው ፖስታ ሳጥን ካለው ሰፈሩ ሁሉ ይጠቀምበት የለ? እንደዚያ ነው። ደሴ ያለ አንድ ኢንተርኔት ቤት እናቶቻቸው የተናገሩትን አማርኛ በፈረንጅ ፊደል ይጽፍላቸዋል፤ እኔም ከሱቄ ጎን ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ አነብላቸዋለሁ። በትምህርት ብዙ ስላልገፋሁ የአንዷን ለሌላዋ እያነበብኩ ስንቴ ተጣላን።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት፣ ባሽሙሐንዲስ፣ መሐንዲሱ እንደማለት፣ የምንለው ሱዳናዊ ጎረምሳ፣ የሰዉን ልብስ በምን እንደምለየው ጠየቀኝ። በየአንገትጌው ውስጥ ለየደንበኛው የተለየ ቀለም ያለው ክር እሰፋለሁ አልኩት። ኢሜይሉም እንደዚያው ነው፣ ማሽኑ መልእክቱ ውስጥ የአንዷን ስም ሲያገኝ ራሱ ቀለሟን ለጥፎ በየሳጥኗ ያስገባላታል አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ሊመጣብኝ እንደሆነ መች አውቄ።

መጀመሪያ የቀለም ጠብ መጣ። ሁሉም አረንጓዴ ካልሆነ አሉ። ቢጫ የደረሳት ዘሀራ «የወፍ በሽታ ይዞኛል ወይ፣ ጋሽ ይማም?» ብላ አኮረፈችኝ። ምንም ይሁን ያለችው ሰዓዳ ብቻ ናት። የሷ ሐሳብ ሌላ ነበር። ታናሽ እህቷ በመተማ በኩል ተነሥታለች፤ ካርቱም የምትደርስበትን ቀን የሚናገር መልእክት ትጠብቃለች። ልጅቷ ዐረብኛ አትሰማም። መናኸሪያ ላይ ተቀባይ ካጣች የደላላ ሲሳይ ናት።

ባሽሙሐንዲስ ለኔም ግራጫ ሰጠኝ። ታላቅ ይቀድማል ብሎ ስሜን ከሁሉ በላይ አስቀመጠው። ማሽኑ ከላይ ጀምሮ ይፈልጋል፤ አንዱን ስም ካገኘ ሌላውን አያይም። ይኼን አስተካክሎ እሱ ለዘመድ ጥየቃ መደኒ ከተማ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ መልእክት የሚባል ነገር ጠፋ። ጠዋት ፉሌን ሳልጨርስ ተነሥቼ እገባለሁ፤ አረንጓዴው ባዶ፣ ቢጫው ባዶ። ከሰዓት እገባለሁ፤ ያው ነው። ውጪ ሀቡብ ተነሥቶ ከተማው አቧራ ለብሷል፣ የተኮስኩት ነጭ ልብስ ሁሉ ዳግመኛ ሊታጠብ ነው፣ እኔ ባዶ መስኮት ላይ አፍጥጫለሁ። ሴቶቹ ይማም መልእክታችንን በላው ማለት ጀመሩ። ዘሀራማ ክርህን ብትሰፋ ይሻልህ ነበር አለችኝ። ሰዓዳ ግን በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች፣ ትመለሳለች። ከስድቡ ሁሉ እሱ ባሰብኝ።

አንድ ሐሙስ ትዕግሥቴ አልቆ ማሽኑን በጥፊ ልለው ስል፣ እዚያ ቤት ሒሳብ የምትቀበለው ጠና ያለች ሱዳናዊት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያ ይማም፣ ምን በደለህ? ይኼ ግራጫውስ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ተይው፣ ለኔ የሚጽፍ የለም።»

እውነቴን ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ማን ይጽፍልኛል? ስለዚህ ከፍቼውም አላውቅ።

ከፈተችው። ጢም ብሎ ሞልቷል። አማርኛ ባታውቅም ፊደሉን ታያለችና አንድ ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኼ በሁሉም ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ስሜ ነው» አልኩ፤ ያኔ ነገሩ ገባኝ።

የኛ አገር ደብዳቤ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። እናቶቹ ሁሉ የልጆቻቸውን ጤና ጠይቀው «ወሬያችንን የሚያደርስልንን ይማምን ሰላም በሉልን» ይላሉ። ማሽኑም ስሜን ባየ ቁጥር መልእክቱን ወደኔ ሳጥን ይወረውራል። የሰዓዳም እዚያው ነበር፤ እህቷ የምትደርሰው በዚያው ሐሙስ ከሰዓት ነው።

ሴትዮዋ መሳቢያዋን ቆለፈች፣ ቶብ የሚሉትን መጎናጸፊያዋን አጣፋች፣ «ያላ፣ እንሂድ» አለች። ሰዓዳን ከአሠሪዎቿ ቤት ራሷ አስፈቅዳ አወጣች፤ አምጃድ የሚሉትን ታክሲ ያስቆመችውም እሷ ናት። መናኸሪያ ስንደርስ ልጅቷ ሻይ ከምትሸጥ ሴት ጎን ጓዟ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ አማርኛ ያባብላታል። ሴትዮዋ በዐረብኛ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሰውዬው ግን ዞር ብሎ ሳያይ እብስ አለ። ሰዓዳ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ እህቷን አቀፈቻት።

ባሽሙሐንዲስ ሲመለስ ሰላምታውን ያሳጥሩ ብሎ መከረን። ደሴ ጻፍን። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ይኼን መልካም ምክር የላከልንን ይማምን ሰላም በሉልን።

ስልኬ እንግዲህ ይጨቅጭቅ፤ መልእክቶቼ እንደመጡ ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ያኔ ለኔ የሚጽፍ የለም እያልኩ ስማረር የሁሉም ደብዳቤ ውስጥ ስሜ ነበረ። የዚያችን የሒሳብ ተቀባይ ሴትዮ ስም ግን ከዚያ ሁሉ ሰላምታ ውስጥ ማንም አስገብቶት አያውቅም። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ካርቱም ያላችሁም፣ ከካርቱም የወጣችሁም፣ ካገኛችኋት ኢኽላስን ሰላም በሉልኝ።