ልጄን የቀመለቻት ጎረቤቴ

ያን ዓመት ወረታ ላይ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት በቅማል ተወረረ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። እኔ ሩዝ መፈተጊያ ቤት ስለምውል ከትምህርት ቤት ስትመለስ እስክመጣ የምታቆይልኝ ጎረቤቴ፣ የባለሱቁ ሚስት ነበረች።

አንድ ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ በጊዜ ተለቀቅን። በሱቃቸው ጓሮ ብቅ ስል ልጄ ጎረቤቴ ጭን ላይ ተጋድማለች። ሴትዮዋ ጸጉሯን እየከፈለች ትቀምላታለች፤ ልጄ ዓይኗን ጨፍና ታወራለች። አብራት ስለምትቀመጠው ልጅ፣ መምህሯ ስለተቆጣት፣ በሌሊት ስለምትፈራው ነገር። ለእኔ አንዱንም ነግራኝ አታውቅም።

«ቅማል እንዳለባት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ጎረቤቴን።

«ወላሂ ልነግርሽ ነበር። አደራ አትንገሪያት ብላኝ ነው። ሳምንት ሆናት።»

ሳምንት ሙሉ! የልጄን እጅ ይዤ እየጎተትኩ ቤት አስገባኋት።

«እናትሽ እኔ አይደለሁም? ለምን ደበቅሽኝ?»

«ደክሞሽ ነዋ የምትመጪ» አለች።

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ይበልጥ አንገበገበኝ። መቀስ አነሳሁና ያን ቅቤ የጠጣ ጸጉር ከሥሩ ሸለትኩት። ለቅማሉ ብዬ ነው አልኳት። መቀሱን ሳንቀሳቅስ ግን በዓይኔ የሚመላለሱት የዚያች ሴት ጣቶች ነበሩ።

ልጄ አላለቀሰችም። ሻሽ አስራ ትምህርት ቤት ሄደች። እነሱ ቤት እንዳትሄድ ስለከለከልኳት፣ ከዚያ ወዲህ ደጃፋችን ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ትጠብቀኝ ጀመር። ስመጣም አታናግረኝም።

በሳምንቱ እኔንም ራሴን ያሳክከኝ ጀመር። ማጅራቴን ራሴ ላየው አልችል፤ ሥራ ቦታ እንዳልናገር አፈርኩ። ቅዳሜ ሻሼን እንደጠመጠምኩ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ።

«የእኔንም እይልኝ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

አንዲት ቃል ሳትወቅሰኝ በርጩማዋን ወደ ብርሃኑ ሳበች። «ነይ፣ አረፍ በይ።»

ጭኗ ላይ ጋደም አልኩ፤ ጣቶቿ ራሴን ሲነኩኝ አፌ ተፈታ። ስለ ድካሜ ነገርኳት፤ ስለ መቀሱም ነገርኳት። እሷ «እህ» እያለች ቅጫሙን ታወጣለች።

ልጄ ተከትላኝ መጥታ ኖሯል።

«እማዬ፣ አንቺም አለብሽ?»

«አለብኝ።»

ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። ከዚያ መጥታ ተቀመጠች፤ የተደገፈችው ግን የሴትዮዋን ትከሻ ነበር። ቢሆንም ራሴን ከዚያች ሴት ጭን ላይ አላነሳሁም።